በጠባብ ኪችን ውስጥ የካቢኔት ኦቨን አቀያየር

«ኦቨኑን ገዛሁት፤ ቦታው ላይ ግን አልገባ አለኝ። ምን ይሻላል?»

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ኪችን ካቢኔት የሚሠራ ሰው ይህን ጥያቄ ሳይሰማ የሚያልፈው ሳምንት የለም ማለት ይቻላል። ጠያቂው ይቀያየራል እንጂ ነገሩ አንድ ነው፤ የፊቱ ስፋት ተለክቷል፣ ጥልቀቱ ተረስቷል። በስልክ ደጋግሜ ከምመልስ ጽፌው ይቀመጥ ብያለሁ።

የማወራው ካቢኔት ውስጥ ስለሚገባው የኤሌክትሪክ ኦቨን ነው። በራሱ እግር ስለሚቆመው ባለ አራት ምድጃ አይደለም። አሮጌው ኦቨናችሁ የጋዝ ከሆነ የሲሊንደሩን መዝጊያ ዝጉ፤ ቱቦውን የመፍታትና የመድፈን ሥራ ለሚያውቅ ሰው ስጡ። ከዚያ በኋላ ያለው ያው ነው።

መለካት፣ አሮጌውን ማውጣት፣ ሳጥኑን ማስተካከልና አዲሱን ማስገባት ከአንድ ረዳት ጋር በራሳችሁ የሚሆን ሥራ ነው። አዲስ መስመር መዘርጋት፣ ብሬከር መቀየርና ግራውንድ (የመሬት መስመር) መሥራት ግን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ድርሻ ነው። እዚህ ላይ ድፍረት አያስፈልግም።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ሜትር፣ እርሳስና ወረቀት
- ባትሪ (የስልክ መብራትም ይሆናል)
- ካቻቢቴ፣ ጠፍጣፋውም ባለ መስቀሉም
- ቴስተር፤ ከተገኘ መልቲሜትር
- ውሃ ልክ
- ድሪልና የ3 ሚሊ ሜትር መብሻ
- የእንጨት ቪቴ
- ሁለት ቁራጭ ሞራሌና 1.8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ቁራጭ ጣውላ ወይም ኤምዲኤፍ
- አሮጌ ብርድ ልብስና ሰፊ ካርቶን
- ወፍራም ጓንት
- ቁመቱ ከኦቨኑ ወለል ጋር የሚቀራረብ ጠንካራ ሳጥን ወይም አጭር ጠረጴዛ
- አንድ ሰው፤ ይህ ግዴታ ነው

ከምንም በፊት

ኦቨኑን በማብሪያው ማጥፋት መስመሩን ማጥፋት አይደለም። ብሬከሩን አውርዱ፤ ከዚያ በቴስተር አረጋግጡ። ቴስተሩን ራሱን መጀመሪያ ኃይል እንዳለው በምታውቁት ሌላ ሶኬት ላይ ሞክሩት። የተበላሸ ቴስተር አይበራም፤ የማይበራ ቴስተር ደግሞ «ኃይል የለም» የሚል ይመስላል። ቤት ውስጥ ያሉትንም ሰዎች ንገሯቸው፤ «መብራት ጠፋ» ብሎ ብሬከሩን የሚመልስ ልጅ አይጠፋም።

መብራት በሄደበት ሰዓት ሥራውን መጀመር ደግሞ ጭራሽ አይታሰብ። ሽቦውን እንደያዛችሁ ይመጣል።

ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት

1. ክፍተቱን ለኩ። ስፋቱን ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ለኩ። ቁመቱንም በግራና በቀኝ። ከሁሉም ትንሹን ቁጥር ያዙ፤ ኦቨኑን የሚያስቆመው እሱ ነውና።

ካርቶኑ ላይ «60» ተጽፎ ስታዩ ክፍተቱ 60 መሆን አለበት ብላችሁ አትደንግጡ። 60 የካቢኔቱ የውጭ ስፋት ነው። ሁለቱ የጎን ጣውላዎች እያንዳንዳቸው 1.8 ሴንቲ ሜትር ሲሆኑ ለውስጡ 56.4 ይቀራል። የኦቨኑ ገላ እዚያ ውስጥ ይገባል፤ 59.5 የሚሆነው ፊቱ ደግሞ ውጭ ቀርቶ የጣውላዎቹን ጠርዝ ይሸፍናል። አብዛኛው መደበኛ ኦቨን ከ56 እስከ 56.8 ስፋት፣ ወደ 60 የሚጠጋ ቁመትና ቢያንስ 55 ጥልቀት ይፈልጋል። ቁመታቸው 45 የሆኑ አጫጭሮችም አሉ። የመጨረሻው ዳኛ ግን ኦቨኑ መመሪያ ላይ ያለው ሥዕል ነው። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን ያንን ገጽ አስከፍታችሁ በስልክ ፎቶ አንሱት።

የካቢኔቱ የላይኛው ገጽ ግራናይት ከሆነ አንድ ነገር ጨምሩ። አንዳንዱ ግራናይት ወፍራም እንዲመስል ከፊት ጠርዙ ወደ ታች ይታጠፋል። ኦቨኑ በክፍተቱ ቢያልፍም የፊቱ የላይኛው ጫፍ ከዚያ ጠርዝ ጋር ይጋጫል። ቁመቱን ስትለኩ ከግራናይቱ የታችኛው ጠርዝ ጀምሩ እንጂ ከውስጡ ጣሪያ አትጀምሩ።

2. ጥልቀቱን በባትሪ እያያችሁ ለኩ። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው።

ሜትሩን እስከ ግድግዳው መስደድ አይበቃም። መለካት ያለባችሁ ከኋላ በጣም ወደ ፊት ወጥቶ እስካለው ነገር ድረስ ነው። ይህ ሶኬት ሊሆን ይችላል፤ የውሃ ቧንቧ ሊሆን ይችላል፤ ራሱ ግድግዳውም ሊሆን ይችላል። ደሴ ውስጥ በድንጋይ የተሠሩ የቆዩ ቤቶች ግድግዳቸው በልስን ቀጥ ብሎ ይታያል እንጂ ከታችና ከላይ ሲለካ የሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ልዩነት ቢያሳይ አይገርምም። ስለዚህ ከላይም፣ ከመሃልም፣ ከታችም ለኩ።

አሁን ሶኬቱን አስቡት። ተሰኪው ከግድግዳው አምስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ወጣ ይላል፤ ገመዱ ሲታጠፍ ሌላ ቦታ ይበላል። ጥልቀቱ 58 ነው ብላችሁ የገዛችሁት ኦቨን 53 ላይ ቆሞ ይቀራል፤ ፊቱም ከካቢኔቱ ሁለት ጣት ወጥቶ ያስቃል። መፍትሔው ሶኬቱን ወደ ጎረቤት ካቢኔት ማዛወርና ገመዱን በጎን ጣውላው በተበሳ ቀዳዳ ማሳለፍ ነው። ሌላም ጥቅም አለው፤ አደጋ ሲኖር ኦቨኑን ሳትጎትቱ ተሰኪውን መንቀል ትችላላችሁ። ከኦቨን ጀርባ ያለ ሶኬት ደግሞ ሙቀት እየበላው ይኖራል።

የካቢኔቱ ጀርባ በኮምፔንሳቶ የተዘጋ ከሆነ በኦቨኑ ክፍል በኩል ያለው ይከፈታል። ጥልቀት ይጨምርላችኋል፤ ለአየርም መንገድ ይሆናል። ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ጥልቀቱ 50 ብቻ ከሆነ መደበኛው ኦቨን አይሆንላችሁም። ገመዱን አጣጥፎ በጉልበት መግፋት እሳት መጥራት ነው።

3. በሩ የሚከፈትበትን ቦታ ፈትሹ። የኦቨን በር ወደ ታች ሲከፈት ከፊቱ ወደ 50 ሴንቲ ሜትር ይወጣል። 60 በ50 የሆነ ካርቶን ቁረጡና ኦቨኑ ፊት መሬት ላይ አንጥፉት። አሁን ፍሪጁን ክፈቱ፤ የኪችኑን በር ክፈቱ፤ ትሪ እንደያዛችሁ ሆናችሁ ቁሙ። ከፊት ለመቆም ቦታ ከሌለ በየትኛው ጎን እንደምትቆሙ ካሁኑ እወቁ። የጋለ ድፎ ዳቦ ተይዞ መዞሪያ ሲጠፋ ለማሰብ ጊዜ የለም።

ካቢኔቱ በኤል ቅርጽ የታጠፈ ከሆነ ደግሞ እጀታውን አትርሱ። እጀታው ከፊቱ አራት አምስት ሴንቲ ሜትር ወጣ ስለሚል በማዕዘኑ በኩል ያለው መሳቢያ እሱን እየመታ አልከፈት ሊል ይችላል።

4. የኤሌክትሪኩን አቅም አስሉ። የኦቨኑ ዋት በሩን ስትከፍቱ ጠርዙ ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ ላይ አለ። ለ220 ቮልት አካፍሉት። 3,000 ዋት ከሆነ 13.6 አምፔር ገደማ ይወስዳል ማለት ነው። ይህ የራሱ መስመር ካለው በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦና በ16 አምፔር ብሬከር ይሠራል። 16 አምፔር በ220 ሲባዛ 3,520 ዋት ነው፤ ከዚያ በላይ የሚበላ ኦቨን ሶኬት ላይ የሚሰካ ሳይሆን በወፍራም ሽቦ በቀጥታ የሚታሰር ነው። የሽቦውንም የብሬከሩንም ልክ ባለሙያው ይወስን።

የኛ ቤት ልዩ ጉዳይ ምጣዱ ነው። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይበላል። ኦቨኑና ምጣዱ በአንድ መስመር ላይ እኩል ከተነሱ ብሬከሩ ይወርዳል። ይህ ጥሩው ነው። መጥፎው ብሬከሩ እንዳይወርድ ተብሎ በትልቅ የተቀየረ ዕለት ነው፤ ያን ጊዜ የሚግለው በግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ነው። ለኦቨኑ የተለየ መስመር መዘርጋት ካልተቻለ አንዱ ሲሠራ አንዱ ይረፍ።

ግራውንድ መኖሩንም አስፈትሹ። ባለሙያው በፌዝ (ኃይል በሚመጣበት ሽቦ) እና በኒውትራል (በሚመለስበት ሽቦ) መካከል፣ ከዚያ በፌዝና በግራውንድ መካከል በመልቲሜትር ይለካ። ሁለተኛው ልክ ከመጀመሪያው ካልተቀራረበ የመሬት መስመሩ የለም ወይም የሆነ ቦታ ተቋርጧል። የኦቨን ገላ ብረት ነው፤ ወለላችሁ ደግሞ ሴራሚክና እርጥብ። ግራውንድ የሌለው ኦቨን እጅ ሲነዝር «ትንሽ ነው» እየተባለ ይኖራል፤ አንድ ቀን ትንሽ አይሆንም።

5. መንገዱን ለኩ። ካርቶኑ ከኦቨኑ ይበልጣል። የግቢውን በር፣ የደረጃውን መታጠፊያና የኪችኑን በር ለኩ። ደሴ ዳገት ናት፤ ባጃጅ የማይደርስበት ቤት ሞልቷል፤ የመጨረሻው መንገድ በሰው ትከሻ ነው። ዕቃው ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት ዞሮ የሚወጣ ከሆነ ኦቨኑ እንደቆመ ይታሰር፣ በሩ በገመድ ይጠብቅ፣ ትሪና ፍርግርጉ ወጥተው ለብቻ ይጠቅለሉ። በዚያ ጠመዝማዛ ላይ ውስጡ የሚንከባለል ትሪ መስታወቱን ይመታዋል።

አሮጌውን ማውጣት

6. አቅልሉት። ብሬከሩ ወርዷል፣ ኦቨኑም ቀዝቅዟል። ፍርግርጉንና ትሪውን አውጡ። በሩን ሙሉ በሙሉ ክፈቱ፤ ሁለቱ ማጠፊያዎች ላይ ያሉትን ትንንሽ መቆለፊያዎች በካቻቢቴ ወደ ፊት ገልብጡ፤ በሩን በከፊል መልሳችሁ ወደ ላይ አንሱት። በብዙዎቹ አሠራሩ ይኸው ነው። መቆለፊያውን ሳትገለብጡ በሩን ብታነሱት ማጠፊያው በስፕሪንግ ኃይል ይዘጋል፤ ጣት ይቆርጣል። ጓንቱ ለዚህ ነው።

በሩን ብርድ ልብሱ ላይ አጋድሙት። በማዕዘኑ ሴራሚክ ላይ አታቁሙት። የኦቨን መስታወት ፊት ለፊት ሲመታ ብዙ ይችላል፤ ማዕዘኑ ላይ በትንሽ ነገር ይበተናል።

በሩ ሲወጣ ክብደቱ በጣም ይቀንሳል። ሙሉው ኦቨን ብዙ ጊዜ 30 ኪሎና ከዚያ በላይ ነው፤ በጠባብ ኪችን ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሆኖ ማንሳት ስለማይችል እያንዳንዱ ኪሎ ይቆጠራል።

7. ፍቱና ሳቡ። በሩ ከነበረበት ጎን፣ በግራና በቀኝ ጠርዙ ላይ ሁለት ወይም አራት ቪቴ ታገኛላችሁ። የዘይት ቅባት የያዘው ቪቴ እንቢ ካለ በፈሳሽ ሳሙናና በሙቅ ጨርቅ አጽዱትና ሞክሩ። ራሱ ከተላጠ ለማውጣት ብዙ መከራ ነው።

ሳጥኑን ወይም አጭሩን ጠረጴዛ ከክፍተቱ ሥር ፊት ለፊት አስጠጉ። ኦቨኑን የበሩ ክፍተት ውስጥ በጎኖቹ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡት፤ ግማሽ ሲወጣ ጠረጴዛው ላይ ይረፍ። ወለሉ ደረጃ ላይ ያለ ኦቨን ከሆነ ብርድ ልብስ አንጥፋችሁ በእሱ ላይ ጎትቱት። በእጀታው ወይም በመቆጣጠሪያ ሰሌዳው አትያዙት። ረዳቱ በባትሪ ከኋላ ገመዱን ይይ፤ ተጠምዶ ከቀረ ስትጎትቱ ሶኬቱን ከግድግዳው ይነቅለዋል።

በቀጥታ የታሰረ ከሆነ ከመፍታታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ። ቡናማ ፌዝ፣ ሰማያዊ ኒውትራል፣ አረንጓዴና ቢጫ ግራውንድ ነው፤ በኦቨኑ በኩል ይህ እምነት ይጣልበታል። በግድግዳው በኩል ግን በቆዩ ቤቶች ውስጥ ቀለም አይታመንም። የተገኘ ሽቦ ነው የተዘረጋው።

ሳጥኑን ማስተካከል

8. ወለሉን ፈትሹ። ባዶውን ክፍተት ስታዩ እርጥበት ካለ አሁን ይታያል። ደሴ ክረምቱ ረዥምና ቀዝቃዛ ነው። ከገደሉ በኩል ያለ ግድግዳ ውሃ ይስባል፤ ከሱ የተጠጋ ቺፑድ ያብጣል። ጣታችሁን ጫን አድርጉበት። እንደ ረጠበ ብስኩት ከተፈረፈረ ያ ወለል ኦቨን አይሸከምም፤ በአዲስ ይቀየር። ደህና ቢሆንም ከሥሩ በግራና በቀኝ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ ሞራሌ ምቱለት። ኦቨን ላይ ሙሉ ትሪና የሸክላ ድስት ሲጨመር ክብደቱ ሌላ ነው።

ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ጭንቀቱ እርጥበት ሳይሆን ሙቀት ነው። ፍሪጅ ከኦቨኑ ጋር ተጣብቆ ከቆመ ሁለቱም ይቸገራሉ፤ በመሃላቸው ቢያንስ አንድ ጠባብ ካቢኔት ቢኖር ይመረጣል።

9. ክፍተቱን ከኦቨኑ ጋር አስማሙ። በጥቂት ሚሊ ሜትር የጠበበ ከሆነ ጠርዙን ማላግ ይቻላል። የሰፋ ከሆነ በሁለቱም ጎን እኩል ቁራጭ ጣውላ ጨምሩ። አንድ ጎን ብቻ ከጨመራችሁ ፊቱ ወደ አንድ በኩል ይሸሻል፤ ቪቴውም በሌላው ጎን የሚይዘው ያጣል። ከፍታው ከበዛ ከሥር አንሱት፤ ከላይ የሚቀረውን በቀጭን ጣውላ ሸፍኑ።

ከወለሉ ጀርባ በኩል ከግድግዳው ጋር አራት ሴንቲ ሜትር ገደማ ክፍተት ይተው። ቀዝቃዛ አየር ከሥር የሚገባው በዚህ ነው። ይህ ከተዘጋ ኦቨኑ ራሱን ማቀዝቀዝ አይችልም፤ መጀመሪያ የሚሞተውም መቆጣጠሪያ ሰሌዳው ነው።

አዲሱን ማስገባት

10. መጀመሪያ ያለ ቪቴ ሞክሩት። በሩን አውጡ፤ ውስጡ ያለውን ስታይሮፎም፣ ካርቶንና ላስቲክ ሁሉ አራግፉ። ገመዱን ቀድማችሁ በቀዳዳው አሳልፉ። ኦቨኑ እየተገፋ ሳለ ረዳቱ ከጎረቤት ካቢኔት ገመዱን ቀስ እያለ ይሳብ። ገመዱ ከጀርባ ተጠቅልሎ ከቀረ ወይ ያቆማችኋል፤ ወይ የጋለውን ብረት ተደግፎ ይኖራል። ፊቱ ከጣውላው ጋር በትክክል ካልገጠመ አትግፉ። አውጡትና የነካውን ፈልጉ።

11. ውሃ ልክ አስቀምጡ። ፍርግርጉን አስገቡና ውሃ ልኩን በላዩ አድርጉ፤ ወደ ጎንም ወደ ኋላም። ካዘነበለ ኬኩ በአንድ በኩል ወፍራም ሆኖ ይወጣል። የሚስተካከለው ከሥር በቀጭን ጣውላ ነው እንጂ ቪቴ በማጥበቅ አይደለም።

12. እሰሩት። በጠርዙ ባሉት ቀዳዳዎች በኩል በመብሻው ብሱ፤ ከዚያ ቪቴውን አስገቡ። ሳይበሳ የተመታ ቺፑድ ይሰነጠቃል። በእጅ ካቻቢቴ እስኪይዝ ብቻ አጥብቁ። ይህን ደረጃ መዝለል አይቻልም። ያልታሰረ ኦቨን በሩ ተከፍቶ ከባድ ትሪ ሲያርፍበት ወደ ፊት ይደፋል።

በሩን መልሱ፤ የማጠፊያ መቆለፊያዎቹን መልሳችሁ ገልብጡ። ሁለት ሦስት ጊዜ ክፈቱ፣ ዝጉ።

መሞከር

13. ባዶውን አግሉት። ብሬከሩን መልሱ። መስኮት ክፈቱ፣ ኦቨኑን በ200 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት ያህል ባዶውን አሠሩት። ሽታና ጥቂት ጭስ ይኖራል፤ ከፋብሪካ የመጣው ቅባት ነው። በዚህ መሃል የጎረቤት ካቢኔቱን ጎንና ተሰኪውን በእጃችሁ ዳሱ። ጣውላው ለብ ቢል ችግር የለውም። ተሰኪው እጅ የሚያቃጥል ከሆነ አጥፉና ባለሙያ ጥሩ።

ካጠፋችሁት በኋላ የሚነፍስ ድምፅ ብትሰሙ አትደንግጡ። ማቀዝቀዣው ፋን ነው፤ ሥራውን ሲጨርስ ራሱ ይቆማል። ቶሎ ብላችሁ ከብሬከሩ አታጥፉት።

በብዛት የማያቸው ስህተቶች

ዲቫይደር። ኦቨን ዲቫይደር ላይ አይሰካም፤ ነጥብ። «ወፍራም ነው፣ ኦሪጅናል ነው» የሚባለውም አይሰካም። ውስጡ ያለው ቀጭን መዳብ ለስልክ ቻርጀርና ለቴሌቪዥን እንጂ ለሰዓታት 13 አምፔር እንዲሸከም አልተሠራም።

የግራውንዱን ሽቦ መፍታት። አዲሱ ኦቨን ገና ሲበራ ሴፍቲው እየወረደ ሲያስቸግር አንዳንዱ የግራውንዱን ሽቦ ይፈታዋል፤ ያን ጊዜ መውረዱን ያቆማል። ችግሩ ግን አልጠፋም፤ ወደ ገላው የሚፈሰው ኃይል አሁን የሚጠብቀው የናንተን እጅ ነው። እርጥበት ያለበት ቦታ ብዙ ጊዜ ተቀምጦ የቆየ ኦቨን ማሞቂያው እርጥበት ስቦ እንዲህ ሊያደርግ ይችላል። ባለሙያ ይለካው።

በፊቱ ዙሪያ ሲሊከን መቀባት። ውበት ይመስላል። በበሩና በመቆጣጠሪያው መካከል የሞቀው አየር የሚወጣበትን ቦታ ይደፍናል፤ ነገ ጥገና ሲመጣም ካቢኔቱን ሳይቆርጡ ኦቨኑን ማውጣት አይቻልም።

ከላይ የሚቀመጠውን የምድጃ ገመድ በኦቨኑ ጣሪያ ላይ መጣል። በጎን በኩል በክሊፕ ይታሰር።

የመጨረሻው እንኳ ስህተት አይደለም፤ ግን ከሁሉም በላይ ስልክ የሚያስደውለው እሱ ነው። «መብራት ሄዶ ሲመጣ ኦቨኑ መሥራት አቆመ፤ ቁጥሩ ብቻ ብልጭ ድርግም ይላል።» አልተበላሸም። ዲጂታል ሰዓት ያላቸው ብዙ ኦቨኖች ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ ሰዓቱ ካልተሞላላቸው አይግሉም። የሰዓት ምልክት ያለበትን ቁልፍ ተጫኑ፣ በመደመርና በመቀነስ ምልክቶቹ ሙሉት፣ ይነሳል። በኛ ሰዓት አቆጣጠር ብትሞሉት በፈረንጁም፣ ለኦቨኑ ሁለቱም አንድ ነው።